ዲግሪውስ ተገኘ፤ ሰውየው የታለ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ነገሬን ግን ከአንድ የፈረሰ ድልድይ ልጀምር። ‹‹ድልድይና ዩኒቨርሲቲ ምን አገናኛቸው?›› የምትሉ አንባቢያን ትንሽ ታገሱኝ፤ መጨረሻው ላይ እንተሳሰባለን።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር፤ እንጀራ በልቼበታለሁ) ያሠራውን አንድ አነስተኛ ድልድይ በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ይዞት ሄደ። ‹‹ምክንያቱን አጣርታችሁ ኑ›› ተባልንና ሦስት ሆነን ሄድን። ስንደርስ ከድልድዩ የቀሩት በወዲህና በወዲያ ማዶ የቆሙ ሁለት የኮንክሪት ጉቶዎች ብቻ ናቸው። የአካባቢው ሰው ከበበን። አንድ አዛውንት ከወንዙ ራቅ ብሎ የሚታይ ዋርካ በከዘራቸው እያመለከቱ፣ ‹‹ይህ ወንዝ በየስምንት በየዘጠኝ ዓመቱ ያብዳል። ያበደ ጊዜ ውኃው እዚያ ዋርካ ሥር ይደርሳል። ከአባቶቻችን ጀምሮ የምናውቀው ነው›› አሉኝ።

‹‹ታዲያ አባቴ፣ ይህንን ለመሐንዲሱ አልነገሩትም?›› አልኳቸው።

‹‹አልጠየቀንማ! ልጁ መልካም ልጅ ነው፤ ሰላምታ ያውቃል፣ ሥራ አይለግምም። ግን አልጠየቀንም። እኛስ የተማረ ሰው ፊት ምን ብለን እንናገር?››

ልጁም አብሮን ነበር። ዕድሜው ከሃያ ስድስት አይዘልም፤ በማዕረግ የተመረቀ ነው። ስሌቱን አንድ በአንድ አሳየን። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ስሌቱ ትክክል ነበር! ከእኛ ጋር የመጣው አንጋፋ መሐንዲስ ወረቀቱን ቢያገላብጥ ቢያገላብጥ አንድ የስሌት ስህተት አጣበት። ስህተቱ ያለው ስሌቱ በተነሣበት ቁጥር ላይ ነው። የውኃው መጠን ተብሎ የተሰጠው አኀዝ ከሌላ ወረዳ ጥናት ላይ የተገለበጠ ኖሯል።

‹‹ልጄ፣ ሰዎቹን ለምን አልጠየቅህም?›› አልኩት።

‹‹ጋሼ፣ የእኔ ድርሻ ዲዛይኑ ነው። የተሰጠኝን ቁጥር ይዤ ነው የሠራሁት። ከገበሬ ጋር ማውራት እኮ የተማርኩት ነገር አይደለም።››

ምን ልበላችሁ፣ በልጁ መፍረድ አልቻልኩም። እውነቱን ነው የተናገረው። አላስተማሩትም! አሥራ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት፣ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያስቀመጥነው ልጅ የተሰጠውን ቁጥር በትክክል ማባዛት ተምሯል። ‹‹ይህ ቁጥር ከየት መጣ?›› ብሎ መጠየቅን ግን አልተማረም። ይህንን የሚያስተምረው ትምህርት ከዩኒቨርሲቲዎቻችን እንዴት እንደወጣና ተመለሰ ከተባለም በኋላ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ነው ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት።

የነፃ ሰው ትምህርት

ፈረንጆች ‹‹ሊበራል አርትስ›› የሚሉት ነገር አለ። ስሙን ስንሰማ አንዳንዶቻችን ሥዕልና ቲያትር ይመስለናል፤ ሌሎቻችን ደግሞ የፖለቲካ ፓርቲ ፕሮግራም እናስባለን። ሁለቱም አይደለም። ‹‹ሊበር›› በላቲን ነፃ ማለት ነው። በጥንት ዘመን ባሪያ አንድ ሙያ ይማርና ጌታው ያዘዘውን ይሠራ ነበር። ነፃ ሰው ግን በአደባባይ ይከራከራል፣ ይፈርዳል፣ ይመርጣል፤ ስለዚህ ማሰቢያ የሚሆነው ትምህርት ያስፈልገዋል ተባለ። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ትምህርት ሰባት ዘርፍ ነበረው። ሦስቱ ሰዋስው፣ አመክንዮና የንግግር ጥበብ ናቸው። አራቱ ደግሞ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ።

እስቲ ልብ በሉ! ከሰባቱ አብዛኞቹ ቁጥርና ልኬት ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ ‹‹ይሄ የአርት ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ ለሳይንስ ልጅ ምን ያደርግለታል?›› የሚለው አነጋገር ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ነገሩ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ከመሆን በፊትም ሆነ ጎን ለጎን፣ ማንም ሰው ማወቅ የሚገባውን የማወቅ ጉዳይ ነው።

‹‹የፈረንጅ ነገር አታምጣብን›› የሚል ካለ ደግሞ ወደራሳችን ቤት እንግባ። የቤተ ክህነቱን ትምህርት ተመልከቱ። ተማሪው ዜማ ቤት ይገባል፤ ዜማው ሙዚቃ ነው። ቅኔ ቤት ግሱንና አገባቡን ይማራል፤ ያ ሰዋስው ነው። የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚቀምርበት ባሕረ ሐሳብም አለለት፤ ያ ሒሳብም ሥነ ፈለክም ነው። እንግዲህ አውሮፓውያኑ በሰባት ከከፈሉት ትምህርት ብዙው በእኛም አገር በየደብሩና በየገዳሙ ሲሰጥ ኖሯል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ይገርመኛል። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የተናገረውን በቃሉ ይዞ ቢደግም ማንም ጎበዝ አይለውም። የራሱን መቁጠር አለበት። ትናንት የተሰማ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራሴ ነው ብሎ ያቀረበማ መሳቂያ ነው። ያ ለምኖ የሚያድር፣ ደበሎ ለባሽ ተማሪ በየዕለቱ ከራሱ አእምሮ አዲስ ነገር እንዲያወጣ ይገደድ ነበር። የዛሬው ተማሪያችን ግን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ተዘረጋለት እየተባለ ሃንድአውት ሸምድዶ ይመረቃል። ማናቸው ነው የተማረው?

የመጀመሪያው ዓመት ታሪክ

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በአገራችን ሲጀመር ይህ ሐሳብ አብሮ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ይመሩት ነበር። ኢየሱሳውያን ደግሞ በየሄዱበት የሚታወቁት በዚሁ በአጠቃላይ ትምህርት ነው። ሌላው ካናዳዊ፣ ፕሮፌሰር ክሎድ ሳምነር፣ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ፍልስፍና አስተምረዋል። የግዕዝ የጥበብ መጻሕፍትን አሰባስበው ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና አምስት ቅጽ መጽሐፍ ያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። ከባሕር ማዶ የመጡት ሰው የእኛን ‹‹ሐተታ›› በቁም ነገር ሲያነቡ እኛ ‹‹ፍልስፍና ምን ያደርጋል?›› እንል ነበር፤ ዛሬም እንላለን።

በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተሰባስበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል የሚያስገድደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መጣ። የሸገር ልጅ ባሌና ጎጃም፣ ሐረርና ወለጋ ወርዶ አገሩን በዓይኑ አየ፤ ከገበሬ ጋር አወራ። ያ ልጃችን ‹‹አልተማርኩትም›› ያለውን ነገር ማለት ነው!

ጥያቄ የለመደ ተማሪ ግን ጥያቄውን ክፍል ውስጥ ብቻ አያቆመውም። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን የታምሩ ፈይሳ ‹‹ደኃው ይናገራል›› ተነበበ። በ1957 ዓ.ም. የካቲት ላይ ተማሪው ‹‹መሬት ለአራሹ!›› ብሎ አደባባይ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብዙዎቻችን ወንድም ወይም እህት ቀብረንበታል።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ሁልጊዜ የሚያነሣብኝን ክርክር መሸሽ አልፈልግም። ‹‹የምታወድሰው ትምህርት ያፈራው ትውልድ አይደል እንዴ አገሪቱን ያነደዳት? ያ ሁሉ አመክንዮና ፍልስፍና የት ገባ?›› ይለኛል። ከባድ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ያ ትውልድ ንጉሡን ጠየቀ፣ ባላባቱን ጠየቀ፣ ቤተ ክህነቱን ጠየቀ። አንድ ነገር ብቻ ሳይጠይቅ ቀረ፤ በእጁ የገባውን ቀይ መጽሐፍ። ጥያቄው ካበቃበት ቀን ጀምሮ የቀረው መልስ ለመልስ መገዳደል ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የመጣው ማሰብ ስለበዛ ነው ብዬ አላምንም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ስለቆመ እንጂ።

ጠዋትና ከሰዓት

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ሳይንስ ላጠና። የደርግ ዘመን ቢሆንም ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት ገና አልጠፋም ነበር። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩን። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ገጽ ድርሰት ያጽፉናል። የመጀመሪያውን ጽሑፌን ከሦስት መጽሐፍ አቀናብሬ፣ ጥቅሱን ደርድሬ አስረከብኩ። የመለሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበት ነው፤ ‹‹እነሱ ያሉትን ሰማሁ። አንተስ ምን ትላለህ?››

ወገኖቼ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ‹‹አንተስ ምን ትላለህ?›› ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም! አባቴ ‹‹ዝም በል›› ይለኝ ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህሬ ‹‹ድገም›› ይለኝ ነበር። ቀበሌው ‹‹መፈክር አሰማ›› ይለኝ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማስበው ነገር እንዳለኝና እንደሌለኝ እንኳ አላውቅም ነበርና።

ታዲያ ያው እኔ ከሰዓት በኋላ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ክፍል እገባለሁ። ይህ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ነበር። እዚያ ጥያቄውም መልሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል። ጠዋት ‹‹አንተስ ምን ትላለህ?››፤ ከሰዓት ‹‹እንዲህ በል!›› ሁለቱም ‹‹ኮርስ›› ይባላሉ፤ ሁለቱም ለሁሉም ተማሪ የሚሰጡ ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የማልረሳው ነገር ቢኖር፣ አጠቃላይ ትምህርት የሚባለውን በኮርሱ ስም መለየት እንደማይቻል ነው። አንዱ ማሰብን ያስተምራል፤ ሌላው ማሰብን ይተካል።

ጥያቄ የማይቀበለው ቴሌቪዥን

ደርግ ወደቀ። ‹‹አሁንስ ነፃ ሆንን›› አልን። በ1985 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከአርባ የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ፤ ከነሱም አንዱ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ዓሥራት ወልደየስ ነበሩ። በማግስቱ ተማሪው ከዚህ ምን ተማረ? መጽሐፍ ማገላበጥ ሳያስፈልገው አንድ ትልቅ ኮርስ ወሰደ፤ ‹‹የሚናገር ይባረራል›› የሚል። ያን ዓመት የተማረ ሰው ዛሬ ራሱ መምህር ሆኖ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ለምን አንገቱን ደፍቶ ስላይድ ብቻ እንደሚያነብ አትጠይቁኝ።

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በዚያ ተከትሎ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ቀረና የዲግሪው ዘመን ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወረደ። ምክንያቱ ‹‹አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል መሰናዶ ስለሆኑ የመጀመሪያው ዓመት እዚያው ይሸፈናል›› የሚል ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። እውነታው ግን ምን ነበር? ቤተ መጻሕፍት የሌለው፣ ቤተ ሙከራው የተቆለፈበት ትምህርት ቤት የዩኒቨርሲቲን ሥራ ይሥራ ተባለ።

በእነዚያው ዓመታት ፕላዝማ መጣ። ታስታውሳላችሁ? በሳተላይት የሚመጣው መምህር በጥድፊያ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ‹‹ሥሩት›› ይልና ገና እስክሪብቶ ሳታነሡ ‹‹መልሱ ይህ ነው›› ብሎ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ዳር ቆሞ ያያል። ልጁ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? ቴሌቪዥን ጥያቄ አይቀበልም! አንድ ትውልድ በሙሉ እጅ ማውጣት ዋጋ እንደሌለው እየተማረ አደገ፤ እጁን ማውጣቱን የተወ ልጅ ነው እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባው።

ከዚያም በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ሰባ ሠላሳው መጣ። ከመቶ ሰባው ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብእ ይማር ተባለ። ‹‹አገር የሚያድገው በመሐንዲስ ነው›› ተባለልን። ማን ይጠላል? ግን ፋብሪካው ሳይኖር፣ መምህሩ ሳይኖር፣ ቤተ ሙከራው ሳይኖር ቁጥሩ ብቻ ቀደመ። ሕግ መማር የፈለገው መካኒካል፣ መካኒካል የፈለገው ውኃ ምሕንድስና ተመደበ። በዚያው ዘመን ተመራቂዎች ‹‹ሥራ አትናቁ፣ ተደራጁ›› እየተባሉ ኮብልስቶን ሲጠርቡ አየን። ሥራ ክቡር ነው፤ ድንጋይ መጥረብ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ልጁ የተማረው ትምህርት ከአንዱ ጠባብ ሙያ ሌላ ምንም የማያስይዝ፣ ያ ሙያ ገበያ ሲያጣ ደግሞ ወዴትም የማያሻግር መሆኑ ነው።

‹‹ፍልስፍና እንጀራ አይሆንም›› የሚሉን ሰዎች ይህንን ቢመልሱልን ደስ ይለኛል። ጠባቡስ ሙያ እንጀራ ሆነ ወይ?

ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ጥያቄው አልተመለሰም

ሐቁን ለመናገር፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ጥናት ብዙውን ጥፋት በግልጽ ተናግሯል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ተማሪ ተመለሰ። ሎጂክና ምክንያታዊ አስተሳሰብ፣ ሥነ ልቡና፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክህሎት፣ ሒሳብ ገቡበት። ስሰማ ደስ አለኝ፤ መልካም የተሠራውን መልካም ማለት ያስፈልጋል።

ደስታዬ የእህቴን ልጅ እስካነጋግር ድረስ ነበር የቆየው። ክፍለ ሀገር ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ መጥታ ቡና ይዘን ተቀመጥን።

‹‹ሎጂክ ተማርሽ አሉ፤ እንዴት ነበር?›› አልኳት።

‹‹ኤ ነው ያመጣሁት ጋሼ!›› አለችና የተሳሳቱ የክርክር ዓይነቶችን በስማቸው ታወርድልኝ ጀመር። አድ ሆሚነምን በደንብ አስረዳችኝ፤ ሰውየው የተናገረውን ትቶ ሰውየውን መምታት ማለት ነው። አንድም አልሳተች። ‹‹መምህራችሁስ እንዴት ናቸው?›› ብዬ ብጠይቃት ፊቷ ጠቆር አለና፣ ‹‹እሱን ተወው ጋሼ። የእነ እንትና ወገን ነው፤ ከሱ ምን ቁም ነገር ይገኛል ብለህ ነው!›› አለችኝ።

ልስቅ ብዬ ሳቄ መንገድ ላይ ቀረ። ልጅቷ ያነበነበችልኝን በሽታ ስሙን ታውቃለች፤ እሷው እንደያዛት ግን አላወቀችም። ብነግራት ደነገጠች፤ ‹‹ውይ!›› ብላ አፏን ያዘች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያነጋግራት ወዲያው ይገባታል። ግን ማን ያነጋግራት? ብዙ መቶ ሆነው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው፣ ከላይ የመጣ ሞጁል ተነቦላቸው፣ በምርጫ ጥያቄ ተፈትነው ነው ያለፉት። ዓመቱን ሙሉ አንድ ገጽ የራሷን ሐሳብ ጽፋ አታውቅም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ‹‹ኮመን ኮርስ›› ሲሉ ቃሉን የሚናገሩት ‹‹ቶሎ እንገላገለው›› በሚል ቃና ነው።

የታሪክ ኮርሱ ደግሞ ገና ሲረቀቅ ብዙ ጭቅጭቅ አስነሥቷል። እኔ ጭቅጭቁ አላሳዘነኝም። ያሳዘነኝ ጭቅጭቁ ተማሪው እንዳያየው መደረጉ ነው። ‹‹ይህ ወገን ስለ አድዋ፣ ስለ ምኒልክ፣ ስለ ኦሮሞ እንቅስቃሴ እንዲህ ይላል፤ ያኛው እንዲህ ይላል፤ ማስረጃቸው ይኸውላችሁ፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?›› ብሎ ማቅረብ ነበር የዩኒቨርሲቲ ወጉ። በየዶርሙ በድንጋይ ከሚፈነካከቱ በየክፍሉ በማስረጃ ቢፈነካከቱ አይሻልም? በ2012 ዓ.ም. ራሱ፣ ኮርሱ በተመለሰበት ዓመት፣ በብሔር ግጭት ምክንያት ከየግቢው የተማሪ አስከሬን ሲወጣ አይተናል። የአጠቃላይ ትምህርት ጉዳይ የቅንጦት ወሬ የሚመስለው ካለ ይህንን ያስታውስ።

የሚለካው ይሠራል

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሁላችንንም አስደንግጦናል። ከተፈታኙ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው ሲመረቅ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ስርቆትን ማስቆሙ፣ ደረጃ መጠበቁ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን የመውጫ ፈተናው የሚለካው የተመረቀበትን የሙያ ዘርፍ ብቻ ነው። መጻፍ መቻሉን፣ መከራከር መቻሉን፣ አንድ አኀዝ ሲሰጠው ‹‹ከየት መጣ?›› ማለቱን የሚለካ የለም። የማይለካ ነገር ደግሞ አይሠራም፤ መምህሩም ተማሪውም የሚሮጡት ወደሚፈተነው ነው።

‹‹ድሃ አገር ነን፤ ይህ ለሀብታም ነው›› ይባላል። እስቲ ሀብታሞቹ የሚያደርጉትን እንይ። አሜሪካ ያለው ኤም.አይ.ቲ. በምሕንድስና ዓለም ያወቀው ነው። እዚያ ማንም መሐንዲስ ለመመረቅ ከሥነ ሰብእ፣ ከሥነ ጥበብና ከማኅበራዊ ሳይንስ ስምንት ኮርስ መውሰድ ግዴታው ነው። ስምንት! ጊዜ ተርፏቸው ይመስላችኋል? ሮኬት የሚሠራ ሰው ማሰብና መጻፍ ካልቻለ እንደሚያጠፋ ስላወቁ ነው። ዛሬማ ስሌቱን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሠራዋል፤ ድርሰቱንም ይጽፈዋል። ለሰው የቀረው ሥራ ምን እንደሚጠየቅ ማወቅና የመጣው መልስ እውነት መሆኑን መመርመር ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ነው የማናስተምረው። ድሃ አገር በመሆናችን ደግሞ የፈረሰ ድልድይ ደግሞ የመሥራት አቅም የለንም፤ ስለዚህ ይህ ትምህርት ከሀብታሙ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

ምን ይደረግ?

ነቅፎ ዝም ማለት ቀላል ነው። የምለውን ልበልና ልሰናበት።

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ዓመት አንጋፋዎቹ ያስተምሩ። አሁን ሸክሙ የሚጣለው ትናንት በተመረቀው ረዳት ላይ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ወደ ማስተርስና ወደ አማካሪነት ሥራው ሄዷል።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ይጻፍ። በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ገጽ፣ በእንግሊዝኛም በሚያስብበት ቋንቋም። ‹‹ተማሪው ብዙ ነው፤ ማን ያርመዋል?›› ትሉኛላችሁ። አዲስ ሕንፃና አጥር ከመገንባት አራሚ መምህር መቅጠር ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ጉዳይ እንደገና ይታሰብበት። አንድ ዓመት ሙሉ ባይሆን እንኳ ሁለት ወር፤ ልጁ ከዋርካው ሥር ከተቀመጡት አዛውንት ጋር ያውራ።

አራተኛና ዋናው፣ መምህሩ አይፈራ። የሚፈራ መምህር ነፃ ተማሪ አያወጣም። በሞጁሉ ላይ ‹‹ምክንያታዊ አስተሳሰብ›› ብለህ ጽፈህ፣ ምክንያት ያቀረበብህን መምህር የምታሸማቅቅ ከሆነ ኮርሱን የሰጠኸው ለይስሙላ ነው። ይህ ለትናንቱም ለዛሬውም ለነገውም መንግሥት የሚነገር ነው።

ወላጆችም አንድ ነገር አለብን። ልጃችን ከግቢ ሲመጣ ‹‹ስንት አመጣህ?›› ብለን እንጀምራለን። እስቲ አንድ ቀን ‹‹ምን ጠየቅህ?›› እንበለው።

ወደ ድልድዩ ልመለስና ላብቃ። ከዚያ ቦታ ልንነሣ ስንል መሐንዲሱ ልጅ ከእኛ ተለይቶ ወደ አዛውንቱ ሲሄድ አየሁት። ዋርካው ሥር ቁጭ አሉ። አዛውንቱ በከዘራቸው መሬት ላይ የወንዙን መንገድ ይስላሉ፤ ልጁ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል። መኪናው ጥሩንባ እየነፋ ቢጠራውም ቶሎ አልተነሣም። ልጁ ሊማር ይችላል፤ ይፈልጋልም። ግን ለዚያ አንድ ሰዓት ትምህርት የተከፈለው ሙሉ ድልድይ ነው። ለሚቀጥለው ትምህርት ስንት ድልድይ እንክፈል?

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ይግጠመን!